ላቦራቶሪ በሌለው ክፍል ኢነርጂንና ሥርዓተ ምህዳርን ማስተማር

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። የተመረቅኩት በባዮሎጂ ነው። ዘንድሮ የ7ኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ እንዳስተምር ተመደብኩ። ክፍሌ ውስጥ 64 ተማሪዎች አሉ፤ ላቦራቶሪ የለንም። ልጆቹ ትርጉም ይሸመድዳሉ፤ ‹ለምን?› ስላቸው ግን ጸጥ ይላሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ምን ዓይነት ሥርዓት ላስይዛቸው? ኢነርጂንና ሥርዓተ ምህዳርንስ እንዴት ላስተምር? ፊዚክሱ ትንሽ ያስፈራኛል።»

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቅሽው ስለ ሁለት ነገር ይመስላል፤ ስለ ክፍል ሥርዓትና ስለ ትምህርቱ ይዘት። እኔ ሁለቱን ለያይቼ አላያቸውም። ልጆቹ «ለምን?» ሲባሉ ጸጥ የሚሉት ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። እስከ ዛሬ በሳይንስ ክፍል የተጠየቁት ትርጉም መድገም ብቻ ነበር። ስለዚህ ከእነሱ የምትጠብቂውን ነገር ከመጀመሪያው ቀን ቀይሪው።

ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግሉሽ ሦስት አጫጭር ጥያቄዎች አሉ። «ከየት መጣ?»፣ «ወዴት ሄደ?»፣ «በምን አወቅን?»። በትልቁ ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊያቸው። ሻማ ሲነድም፣ ኳስ ሲነጥርም፣ አይጥ ሣር ስትበላም ጥያቄዎቹ እነዚሁ ናቸው። ኢነርጂንና ሥርዓተ ምህዳርን የሚያያይዙልሽም እነሱ ናቸው።

የመጀመሪያው ሳምንት

ብዙዎቻችን በመጀመሪያው ቀን አሥራ ምናምን ሕግ እናስጽፋለን። አታርፍድ፣ አታውራ፣ ማስቲካ አታኝክ። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ይገለብጡትና በሳምንቱ ይረሱታል። አንቺ ሦስት ነገር ብቻ ያዢ። የያዝሽውን ግን አትልቀቂ።

አንደኛ፣ ሰው ሲናገር ይደመጣል፤ በተሳሳተ መልስ አይሳቅም። እዚህ ላይ ድርድር የለም። የ13 ዓመት ልጅ አንድ ጊዜ ከተሳቀበት እስከ ሰኔ እጁን ላያወጣ ይችላል። የሳቀውን ልጅ መቆጣት ብቻ አይበቃም። የተሳሳተውን መልስ ራሱን አክብሪው። «ይሄን ብዙ ሰው ያስበዋል፤ እስቲ እንፈትነው» በይና ሰሌዳ ላይ ጻፊው። ልጆቹ መልሳቸው እንደማያዋርዳቸው ሲያዩ መናገር ይጀምራሉ።

ሁለተኛ፣ «ያየሁት» እና «የመሰለኝ» ለየብቻ ይጻፋሉ። የደብተራቸውን ገጽ መሃል ለመሃል ያስምሩት። በግራ ያዩት፣ በቀኝ የመሰላቸው። ይሄ ቀላል ይመስላል፤ ግን ከሁሉም የሚከብዳቸው እሱ ነው። ያላዩትን ነገር «አየሁ» ብለው ይጽፋሉ፤ መጽሐፉ ስላለ ብቻ።

ሦስተኛ፣ የወጣ ዕቃ ደወሉ ከመደወሉ በፊት ተቆጥሮ ይመለሳል። ላቦራቶሪ ለሌለው ክፍል አሥር ብይና አሥር ባዶ ሃይላንድ ሀብት ነው።

ጸጥ የሚሉበት ምልክትም ያስፈልግሻል። እጅሽን ስታነሺ ሁሉም እጁን ያነሳል፤ ወሬ ይቆማል። መናገር ብቻ አይደለም፤ አለማምጃቸው። እያወሩ እያሉ እጅሽን አንሺ፣ ጠብቂ፣ ድገሚው። 64 ልጅ ላይ መጮህ ድምፅሽን ከጥቅምት በፊት ይጨርሰዋል። ዱላ ደግሞ ከሁሉ ነገር በፊት የሚገድለው ያንን «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ ነው።

ስለ ቡድን አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ለአምስት የሚባለውን አደረጃጀት ታውቂዋለሽ። ብዙ ጊዜ ጎበዙ ይሠራል፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ። ቡድን ባትተዪ ይሻላል፤ ግን ሥራውን አከፋፍዪው። አንዱ ዕቃ ያዥ፣ አንዱ ለኪ፣ አንዱ ጸሐፊ፣ አንዱ ተናጋሪ ይሁን፤ የቀሩት ይመለከታሉ፣ ይቆጥራሉ። በየሳምንቱ ይቀያየሩ። ጽሑፉ ሁልጊዜ ለሴቶቹ፣ ዕቃው ሁልጊዜ ለወንዶቹ እንዳይሆን ልብ በይ። ካልተከታተልሽው ራሱ እንደዚያ ይሆናል።

ከጠየቅሽ በኋላ ደግሞ ዝም ማለትን ልመጂ። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሳይንስ ክፍሎችን ስታጠና መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው። ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያሳድጉት የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ «አላውቅም» ቀነሰ፣ እጃቸውን የማያወጡት ማውጣት ጀመሩ። ሦስት ሰከንድ ሰሌዳ ፊት ለቆመ ሰው ረጅም ነው። በልብሽ ቁጠሪው።

በመጀመሪያው ቀን ሕግ ከማስጻፍ ሻማ አብሪ። ለየቡድኑ አንድ፣ ካልሆነም ከፊት አንድ ይበቃል። ነጠላና ረጅም ፀጉር ይሰብሰብ፤ ክብሪቱ አንቺ ጋ ይሁን። መጀመሪያ ዝም ብለው ይመልከቱ፣ ያዩትን ይጻፉ። ቀጥሎ የብረት ማንኪያ እሳቱ ውስጥ ለአፍታ አስገቢ። ጥቀርሻ ይይዛል። ከዚያ ቀዝቃዛና ደረቅ ብርጭቆ ከነበልባሉ በላይ ደፍተሽ ያዢ። ብርጭቆው ያልበዋል። አሁን ጠይቂ፦ ሻማው እያጠረ ነው፤ ሰሙ ወዴት ሄደ? «ጠፋ» ይሉሻል። «ቀለጠ» ይሉሻል። ጥቀርሻው ከየት መጣ? ውሃውስ? በዚያ ቀን መልሱን ሙሉ ለሙሉ አትስጪያቸው። ሰሙ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ ትነት ሆኖ መሄዱን ጥቂት ሳምንታት ቆይተው ራሳቸው ይደርሱበታል። ያ ጥያቄ ግን ተንጠልጥሎ ይቆይ።

ኢነርጂ

ፊዚክሱ ያስፈራኛል ብለሻል። በዚህ ደረጃ የሚያስፈልገው ፊዚክስ ባዮሎጂ ስትማሪ ያለፍሽበት ነው። ምግብ፣ መተንፈስ፣ ሙቀት።

«ኢነርጂ ሥራ የመሥራት ችሎታ ነው» የሚለውን ትርጉም ለመጨረሻ አቆዪው። ስህተት ስለሆነ አይደለም። ግን ልጁ «ሥራ» በሳይንስ ምን ማለት እንደሆነ ገና አያውቅም፤ ሸምድዶ ያልፈዋል። የኢነርጂ ዓይነቶችን ዝርዝር ማስጻፍም እንዲሁ ነው። እኔ ጊዜ ማባከን ነው የምለው። ልጁ ስምንት ስም ያውቅና አንዱን ለውጥ እንኳ መከተል ያቅተዋል።

በብይ ጀምሪ። በሳህን ደረቅ አሸዋ ያድርጉ። ብዩን ከ20 ሳንቲ ሜትር፣ ከ50፣ ከዚያ ከ1 ሜትር ይልቀቁት። መግፋት የለም፤ መልቀቅ ብቻ። የተፈጠረውን ጉድጓድ ስፋት በማስመሪያ ይለኩ። ከፍታው ሲጨምር ጉድጓዱ ይሰፋል። ብዩ ያው ነው፣ አሸዋውም ያው ነው። ምን ተለየ? እዚህ ላይ «ከፍታ ራሱ ኢነርጂ ያስቀምጣል» የሚለውን ካዩት ነገር ያገኙታል።

ቀጥሎ ኳስ አንጥሪ። እያንዳንዱ ንጥረት ካለፈው ያንሳል። «ኢነርጂው አለቀ» ይሉሻል። ይሄ ትልቁ ስህተት ነው፤ ዝም ብለሽ አትለፊው። መዳፋቸውን በኃይል ያሻሹ። ምን ተሰማቸው? ሽቦ ወዲያና ወዲህ በፍጥነት አጥፈው የታጠፈበትን ቦታ ይንኩ። ይሞቃል። የኳሱም ኢነርጂ እንደዚሁ ወደ ሙቀትና ወደ ድምፅ ሄዷል። አላለቀም፤ ተበትኗል። እንዲህ ብለሽ አስረጃቸው፦ ባለ 200 ብር ኖት ተመንዝሮ ለከተማው ሰው ሁሉ አንድ አንድ ሳንቲም ቢበተን ገንዘቡ አልጠፋም፤ ግን ምንም አይገዛልሽም። የተበተነ ሙቀትም እንደዚያ ነው።

ቁጥር አትፍሪ፤ ልጆች ቁጥር ይወዳሉ። አንድ ኪሎ ስኳር አንድ ሜትር ከፍ ለማድረግ 10 ጁል (ጁል የኢነርጂ መለኪያ ነው) ያህል ይበቃል። አንዱን ልጅ አስነሺና ያንሳው። አሁን የብስኩት ማሸጊያ አውጪ። 100 ኪሎ ካሎሪ የሚል ከሆነ፣ አንድ ኪሎ ካሎሪ ወደ 4,200 ጁል ስለሆነ፣ 420,000 ጁል ነው። ያንን ስኳር 42,000 ጊዜ ማንሻ ማለት ነው። ክፍሉ ይንጫጫል። «ቲቸር፣ ታዲያ አንድ ብስኩት በልተን ለምን ይርበናል?» የሚል ልጅ አይጠፋም። ጥያቄው ከእነሱ ሲመጣ ትምህርቱ ተጀመረ ማለት ነው። ጡንቻ ከሚጠቀመው ኢነርጂ ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጠው ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ነው፤ ሌላው ሙቀት ይሆናል። ከዚያም በላይ ልብ፣ አንጎል፣ ኩላሊት ሌሊትም አያርፉም። ቁጭ ያለ አዋቂ ሰው በየሰከንዱ 100 ጁል ያህል ሙቀት ያወጣል፤ 100 ዋት መሆኑ ነው። 64 ልጅ የታጨቀበት ክፍል ከሰዓት በኋላ ለምን እንደሚሞቅ ራሳቸው ያስሉት።

ከዚያ ወደ ቤታቸው ሂጂ፤ ወደ እንጀራው። ግማሾቹ ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ፣ ግማሾቹ ቤት እንጨት ይነዳል። ለሁለቱም «ከየት መጣ?» እያሉ ወደ ኋላ ይሂዱ።

የምጣዱ ሙቀት ከኤሌክትሪክ መጣ። ኤሌክትሪኩ? እኛ አገር በአብዛኛው ከግድብ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀውን የሕዳሴ ግድብ ውሰጂ። ዋናው ግድብ 145 ሜትር ከፍታ አለው፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የመያዝ አቅም፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም። ልጆቹ እነዚህን ቁጥሮች ከዜና ሰምተዋቸዋል፤ የማያውቁት ቁጥሩ ምን እንደሚሠራ ነው። ብዩን አስታውሺያቸው። ከፍ ያለ ነገር ሲወርድ ኢነርጂ ይሰጣል። እዚህ ብዩ ውሃ ሆነ፣ አሸዋው ተርባይን ሆነ። ታዲያ ውሃውን ከፍ ያደረገው ማነው? ዝናብ። ዝናቡንስ? ከባሕርና ከምድር ውሃውን ያተነነችው ፀሐይ።

አሁን እንጨቱ። ሙቀቱ ከእንጨት መጣ። የእንጨቱ ከዛፉ። የዛፉስ? እዚህ ላይ ክፍሉ ይቆማል። «ከአፈር» የሚሉ ይበዛሉ። ተዪያቸው፤ ይሄ ጥያቄ ወደ ሥርዓተ ምህዳር መሻገሪያሽ ነው።

ከመሻገርሽ በፊት ግን ሦስት ጉልቻውን አሳያቸው። በጉልቻ ላይ ከእንጨቱ ሙቀት ምጣዱ ጋ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው፤ ብዙው ወደ አየር ይበተናል። ምርጥ ምድጃ የሚባለው እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልለው እንጨቱን ወደ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ኢነርጂ አይጨምርም፤ የሚበተነውን ይቀንሳል። እንጨት ተሸክማ የምታመጣ ልጅ ክፍልሽ ውስጥ ካለች ይሄ ትምህርት ለእሷ ከሌላው ሁሉ በላይ ይገባታል። እንድትናገር ዕድል ስጫት።

ሥርዓተ ምህዳር

ዛፉ ከአፈር ከበላ አፈሩ መቀነስ አለበት። ይሄንን በ1600ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፈተነው ቫን ሄልሞንት የሚባል የብራስልስ ሐኪም ነው። 90 ኪሎ ያህል ደረቅ አፈር በገንቦ መሰል ዕቃ ውስጥ አድርጎ 2.3 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለ። አምስት ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣው። ዛፉ 77 ኪሎ ያህል ሆነ። አፈሩ የቀነሰው 57 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጻፊና ዝም በይ። ያንን ሦስት ሰከንድ እዚህ ላይ አብዢው።

ሄልሞንት ሁሉም ከውሃ መጣ ብሎ ደመደመ። ግማሹን አገኘው። ዛፉ ካርቦኑን የወሰደው ከአየር፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ በእሱና በውሃ በፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራል፤ ከስኳሩ እንጨቱን። አሁን ሻማውን መልሰሽ አምጪው። ሰሙ ሲነድ ወደ አየር የሄደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። ቅጠል ከአየር ይወስደዋል፤ እሳትና መተንፈስ ይመልሱታል። «ዕፅዋት ቀን ኦክስጅን ይሰጣሉ፣ ማታ ብቻ ይተነፍሳሉ» የሚል ልጅ ካለ አስተካክዪው፤ ዕፅዋት ቀንም ማታም ይተነፍሳሉ። ልዩነቱ ቀን ላይ በብርሃን የሚሠሩት ስኳር ከሚያቃጥሉት ስለሚበልጥ ነው።

ቀጥሎ የምግብ ሰንሰለት። አንበሳና ሜዳ አህያ ከመሳል የአገራችንን ውሰጂ። የመንዝ ጓሳን እወዳለሁ። ሕዝቡ ለዘመናት በራሱ ደንብ ሲጠብቀው የኖረ ከፍተኛ ቦታ ነው። ሣሩ፣ ሣሩን የሚበሉ አይጦች፣ አይጦቹን የሚያድን ቀይ ቀበሮ፣ ሣር የሚግጥ ጭላዳ ዝንጀሮ። እዚያ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሃል እየተንቀሳቀሰ አይጥ ሲያድን ታይቷል፤ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። ልጆች ይሄን ሲሰሙ ዓይናቸው ይፈጣል። ተማሪዎችሽ ባሌ አካባቢ ከሆኑ ደግሞ ትልቁ ፍልፈል አለልሽ፤ በዓለም ላይ እዚያ ብቻ የሚገኝ ነው፣ የቀይ ቀበሮውም ዋና ምግብ።

ቀስቱ ላይ ጊዜ ስጪ። አብዛኞቹ ከቀበሮው ወደ አይጡ ይሥሉታል፤ «ቀበሮ አይጥ ይበላል» ስለሚሉ። ቀስቱ የሚያሳየው ማን ማንን እንደሚበላ ሳይሆን ኢነርጂው ወዴት እንደሚሄድ ነው። ከሣር ወደ አይጥ፣ ከአይጥ ወደ ቀበሮ። «ወዴት ሄደ?» የሚለውን ጥያቄ ከለመዱ ይሄ በራሱ ይስተካከላል።

ለምን ቀበሮ ጥቂት፣ አይጥ ብዙ ሆነ? እዚህ ጋ ሃይላንድ አውጪ። አንድ ሊትር ውሃ ሙዪ። ይሄ በሣሩ ውስጥ ያለው ኢነርጂ ይሁን። ከእሱ 100 ሚሊ ሊትር በብርጭቆ ቅጂ፤ ለአይጡ የደረሰው ነው። መርፌ በሌለው ስሪንጅ 10 ሚሊ ሊትር ሳቢ፤ ለቀበሮው። ሌላ አዳኝ ከላይ ቢኖር 1 ሚሊ ሊትር። አንዲቷን ሚሊ ሊትር ሲያዩ ከቀበሮ በላይ ሌላ አዳኝ መኖር ለምን እንደሚከብድ ሳትነግሪያቸው ይገባቸዋል። የቀረው ውሃ ግን አይደፋ። «ይሄስ ወዴት ሄደ?» ብለሽ ጠይቂ። ያልተበላ ሣር፣ ያልተፈጨ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አይጡ ለመኖር አቃጥሎ በሙቀት የበተነው። የብስኩቱን ሒሳብ ያስታውሱታል። አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥሽ፦ አሥር በመቶ የሚባለው ግምታዊ አማካይ ነው፤ ከቦታ ቦታ ይለያያል። እንደ ሕግ እንዳይሸመድዱት።

ቀጥሎ የሚመጣው ነጥብ ከሁሉ ይበልጥ የሚያምታታቸው ነው። ኢነርጂ በአንድ አቅጣጫ ይፈሳል፤ ከፀሐይ ይመጣል፣ በሙቀት ይበተናል፣ ተመልሶ ወደ ሣሩ አይገባም። ካርቦኑ፣ ናይትሮጅኑ፣ ውሃው ግን ይዞራሉ። ይሄን በቃል አታስተምሪው። የሙዝ ልጣጭ፣ ቅጠል፣ ወረቀትና ፌስታል ጓሮ ውስጥ ለየብቻ ይቅበሩ፤ ምልክት ይትከሉበት፣ ትንሽ ውሃ ያጠጡት። ከአንድ ወር በኋላ ቆፍረው ይዩ። ልጣጩ ወዴት ሄደ? የበሉት ባክቴሪያና ፈንገሶች ናቸው፤ ካርቦኑን ወደ አየር፣ ማዕድኑን ወደ አፈር መልሰዋል። ፌስታሉ እንዳለ አለ፤ የሚበላው አላገኘም። ሲጨርሱ እጃቸውን ይታጠቡ።

አንድ ነገር ግን ምዕራፉ እስኪደርስ አትጠብቂ። በመስከረም፣ ምድሩ አረንጓዴ ሳለ፣ ልጆቹን ወደ ግቢ አውጪ። እያንዳንዱ ቡድን በሲባጎና በአራት እንጨት 1 ሜትር በ1 ሜትር ካሬ ይከልል። ስንት ዓይነት ዕፅዋት? ጉንዳን? ሸረሪት? ስሙን ካላወቁት ይሣሉት። ሳማ እንዳይነካቸው ንገሪያቸው። ያንኑ ካሬ በየካቲት ተመልሰው ይቁጠሩት። በደረቁ ወቅት ምን ቀረ፣ ምን ጠፋ፣ የጠፋው የት ገባ? ፈረንጅ አገር የተጻፉ መጻሕፍት በአራት ወቅት ያስተምሩታል፤ እኛ ዘንድ ጎልቶ የሚታየው የክረምትና የበጋ ልዩነት ነው፤ እሱም ዓይን ላይ ነው።

ችግር ያለበት ሥርዓት ለማሳየት እምቦጭ ይበቃሻል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ነው፤ ጣና ላይ ተንሰራፍቷል። ለምን እንዲህ ፈጠነ? ከእርሻና ከከተማ በጎርፍ የሚገባው ማዳበሪያና ፍሳሽ ይመግበዋል። ውሃውን ይሸፍናል፣ ብርሃን ይከለክላል፤ ሲበሰብስም ኦክስጅኑን ያሟጥጠዋል፣ ዓሣው ይጎዳል። እዚህም ሦስቱ ጥያቄዎች ይሠራሉ።

ስለ ፈተና

ከዓመት በኋላ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና አለ፣ መጽሐፉም ብዙ ቦታ በእንግሊዝኛ ነው። አውቃለሁ፣ ይጫንሻል። በቡድን ሲወያዩ በሚቀላቸው ቋንቋ ይነጋገሩ፤ ሐሳቡ ከገባቸው በኋላ በእንግሊዝኛ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። በማይገባቸው ቋንቋ ያልገባቸውን ነገር ከገለበጡ ግን ሁለቱንም ያጣሉ።

የራስሽን ፈተና ሸምዳጅ እንዳያልፈው አድርገሽ አውጪ። «የምግብ ሰንሰለት ምንድን ነው?» ከማለት እንዲህ ጠይቂ፦ «ቀይ ቀበሮ ሣር አይበላም። ሆኖም ሣሩ በድርቅ ቢጠፋ ቀበሮው ይራባል። ለምን? ቀበሮው ሲሞት በሰውነቱ ያለው ካርቦን ወዴት ይሄዳል? ኢነርጂውስ?» ከአምስት አርሚው። ከሣር ወደ አይጥ፣ ከአይጥ ወደ ቀበሮ በትክክል ለተከተለ ሁለት። ካርቦኑ እንደሚዞር፣ ኢነርጂው ግን በሙቀት እንደሚበተን ለለየ ሁለት። ቃላቱን በቦታቸው ለተጠቀመ አንድ። ቃላቱን ደርድሮ መንገዱን ያልተከተለ ልጅ አንድ ብቻ ያግኝ፤ በራሱ አነጋገር መንገዱን የተከተለ አራት ያግኝ። ወረቀቱን ስትመልሺላቸውም ነጥቡን ለምን እንደዚያ እንደሰጠሽ በግልጽ ንገሪያቸው።